የመጀመሪያው ሳቅ የማን ነው?

እኔ የማላስቀው ሰው የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ቢመስላችሁም ግድ የለኝም። ነዳጅ ማደያው ውስጥ የሚሠራውን፣ ፊቱ እንደ ደረቀ ቆዳ የሆነውን ሰውዬ አስቄዋለሁ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር የመባረሪያዬን ወረቀት እየጻፈ ሳለ በሳቅ ብዕሩ ከእጁ ወድቋል። ብዕሩን ግን አንስቶ ጨረሰው፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ነኝ። የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገኝም። አንድ ጊዜ ካየሁት ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያስከፋው እነግራችኋለሁ። ስለዚህ ታላቅ እህቴ ሻንዲን በክረምቱ መግቢያ ወንድ ልጅ ስትወልድ፣ የልጁ የመጀመሪያ ሳቅ የእኔ መሆኑን አገር እንዲያውቀው አደረግሁ።

በእኛ በናቫሆዎች፣ ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት አሜሪካ ውስጥ በነበርነው ሰዎች ዘንድ፣ የሕፃን የመጀመሪያ ሳቅ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እስኪስቅ ድረስ የልጁ ግማሹ ገና በመጣበት ዓለም ነው። ሲስቅ ነው “እሺ፣ ከእናንተ ጋር እኖራለሁ” ያለው። ያሳቀው ሰው ድግስ ይደግሳል፤ ልጁን አቅፎም በልጁ እጅ ለእንግዳው ሁሉ ጨው ያድላል፣ ሲያድግ እጁ ቸር እንዲሆን። ዋናው ነገር ግን ልጁ ፀባይ የሚወርሰው ካሳቀው ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ስስታም ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ ሕፃኑ በድንገት እንቅልፍ ይወስደዋል። ባይወስደውም ፊቱ ወደ ግድግዳ ይዞራል።

የሻንዲን ልጅ ግን አልሳቀም። ጊዜው ደረሰ፣ አለፈም፤ እሱ ምንም። እኔ ያላደረግሁት የለም። እንደ ፍየል ጮህኩ፣ የአያቴን ቀሚስ በራሴ አጠለቅሁ፣ ውሻውን ኮፍያ አለበስኩት። ልጁ ክስ እንደሰለቸው ዳኛ ትክ ብሎ ያየኝና ዓይኑን ወደ እናቱ ይመልሳል። እናቱ ደግሞ በሩን ታያለች። አያቴ መጨነቅ ጀመረች፤ ጎረቤቶችም ሲመጡ አፋቸው ላይ ሌላ ወሬ ይሁን እንጂ ዓይናቸው የልጁ ከንፈር ላይ ነበር።

ትንሿ እማዬ ቨርሊንዳ የመጣችው ያን ሰሞን ነው፣ በጎቹ በሚወልዱበት ወቅት። የእናታችን ታናሽ እህት ናት፤ የእናት እህት ለእኛ ትንሿ እናት ነች። የወለደችን እናታችን ከተማ ሆቴል ስለምትሠራ የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው። ቨርሊንዳ ግን ጭራሽ ጠፍታ ነበር የኖረችው። ተማረች፣ ተማረች፣ አሁንም ተማረች፣ በመጨረሻ ዶክተር ሆነች። መርፌ የማትወጋ፣ ክኒን የማትሰጥ ዶክተር። ሥራዋ የሥነ ልቦና ነው። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፣ ልባቸው የከበደባቸውን ሰዎችም ታክማለች፤ በምን ቢሉ፣ በወሬ። በወሬ ሰው የሚድን ከሆነ እኔ እስካሁን ሆስፒታል መክፈት ነበረብኝ።

ነገሩ ግን አላስቀመጠኝም። ፒካፗ ውስጥ ዘልዬ እገባና ስትሄድ አብሬያት እሄዳለሁ፣ እጠይቃታለሁ። ሰው ሲያወራሽ ውስጡ ይታይሻል? የሞተ ሰው ያየ ሰው መጥቶ ያውቃል? ዝም የሚል ሰው ቢመጣስ ገንዘቡን ትመልሺለታለሽ? አንዳንዱን ትመልሳለች፣ አንዳንዱን በመስኮት ታየዋለች። አንድ ቀን እንግዲህ የእኔ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንዳለ ንገሪኝ አልኳት።

ዘወር ብላ አየችኝና “ረሃብ” አለች።

እውነቷን ነበር። ከዚያ በኋላ ትንሽ ፈራኋት።

የመጣችበትን ምክንያት ያወቅሁትም ፒካፑ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለዓመታት በሙከራ አቆይቷት፣ አሁን ወይ ቋሚ ያደርጋታል ወይ ያሰናብታታል። የሚፈርዱት በጥናቷ ነው። ጥናቷ ደግሞ የእኛ ሴቶች ከወለዱ በኋላ ስለሚወድቅባቸው የልብ ክብደት ነው። ክሊኒክ ውስጥ ለወለደች ሴት የሚነበብ ጥያቄ አለ፤ ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ለራሳቸው ሴቶች ያዘጋጁት። ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ልጅሽ አንድ ነገር ቢሆን ብለሽ ትሰጊያለሽ ወይ፣ እንዲህ እንዲህ ይላል። እኛ ደግሞ ክፉ ነገር በስሙ ከተጠራ ይመጣል ብለን ስለምንፈራ፣ ሴቶቻችን ለሁሉም “የለም፣ የለም፣ የለም” ብለው ልጃቸውን አዝለው ይወጣሉ። ክሊኒኩም ናቫሆ ሴት አታዝንም ብሎ ይጽፋል። ትንሿ እማዬ ማወቅ የፈለገችው ሴቶቻችን ይህን ነገር በሌላ በምን መንገድ እንደሚናገሩት ነው። ዳሩ ግን እኛ አገር የቀበሌው ስብሰባ እጅ አውጥቶ ካልፈቀደ ማንም መጥቶ ሰው አያጠናም፣ የገዛ ልጃችን ብትሆንም። ቀበሌው እንቢ ካለ ጥናት የለም፤ ጥናት ከሌለ ወንበሯን ታጣለች።

አዳራሹ ውስጥ ቆማ ስታስረዳ እኔም ነበርኩ። ወገኗን በእናቷም በአባቷም ቆጥራ ጀመረች፣ እንደ ወጉ። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ከዚያ አባባ አታካይ ተነሳ። አባባ አታካይ ፈዋሽ ነው፤ የመፈወሻ ዝማሬውን የሚያውቅ፣ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠራ፤ እሱ እጁን ካላወጣ የብዙ ሰው እጅ ጭን ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። ኮፍያውን አውልቆ ወለሉን እያየ ተናገረ።

“ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠይቁ ሰዎች ሲመጡ አያለሁ” አለ። “ደማችንን ጠየቁ፣ ሰጠን። ሽንታችንን ጠየቁ፣ ሰጠን። ወሰዱት፣ ተመልሰው አልመጡም። አሁን ደግሞ እንባችን ቀርቶ ነበር። የበፊቶቹ ቢያንስ የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ፤ አሁን የላኩብን የራሳችንን ልጅ ነው።”

ሐዘንን እየዞሩ ቤት ለቤት መጥራት ምን ያመጣል ብሎ ጨምሮ ተቀመጠ። ትንሿ እማዬ አልተከራከረችም። ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ፤ ማለትም ሰዎቹ ፊቷ ላይ እንቢ ማለት አፍረው ነው። በፒካፑ ስንመለስ የቤታችንን መታጠፊያ ሳታይ አለፈችው፤ አቧራ ጋርዷት ነው ብዬ ለማመን ሞከርኩ።

ከዚያ በኋላ እየዞረች ሰው ታባብላለች ብዬ ጠበቅሁ። አልዞረችም። ቤት ዋለች። ሻንዲን በምትቀመጥበት በምዕራብ በኩል፣ ከምድጃው ጀርባ አጠገቧ ቁጭ ትልና የበግ ፀጉር ታበጥራለች። ሻንዲን ትንሽ ታበጥርና ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ ትረሳዋለች። ባሏ ሀዲድ ሊጠግን ሩቅ ስለሄደ ናፍቃው ነው ብለን ነበር ሁላችንም። ሕፃኑ ሲያለቅስ ትንሿ እማዬ አትነሳም፣ ሻንዲንን ትጠብቃለች። ሻንዲን ሳትነሳ ከቆየች ራሷ ታነሳውና ለሻንዲን ታቀብላታለች። ልጁን ለማሳቅ አንድ ጣት አላነሳችም። እኔ ላቤ ጠብ እስኪል ስዘል እሷ የምታየው የልጁን አፍ ሳይሆን የእናቱን እጅ ነው።

ጨነቀኝ። ስብሰባው እየቀረበ ነው፣ አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ አልኳት።

“ፀጉር አበጥራለሁ። አንቺስ?”

ልጁን ላስቅ ነዋ አልኳት።

“በርቺ” አለች።

ነገሩ የሆነው ነፋሱ አሸዋ ይዞ በሩን በሚደበድብበት ከሰዓት በኋላ ነው። መውጣት ስላልተቻለ ሁላችንም ውስጥ ነን። አያቴ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፣ ሻንዲን ልጁን ጭኗ ላይ አድርጋ ታበጥራለች፣ እኔ ከልጁ ጀርባ ሆኜ አፍንጫዬን ወደ ላይ ገፍቼ ለአዲስ ትርኢት ፊቴን እያሟሟቅሁ ነው። ትንሿ እማዬ ማንም ሳይጠይቃት ስለ መጀመሪያ በሽተኛዋ ማውራት ጀመረች።

ገና ተማሪ ሳለች ነው። ክፍሉ ውስጥ እሷና በሽተኛው ይቀመጣሉ፤ በመስታወቱ ግድግዳ ማዶ ደግሞ አስተማሪዋ ተደብቃ ታያለች፣ ውጤት ትሰጣለች። በሽተኛው ሲገባ የእኛው ሰው ሆኖ ተገኘ፣ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ። ትንሿ እማዬ ሽማግሌን ቀድሞ መጠያየቅ ነውር ነው ብላ፣ እሱ እስኪጀምር ጠበቀች። ሽማግሌው ደግሞ ዶክተርን ቀድሞ ማውራት ነውር ነው ብሎ፣ እሷ እስክትጀምር ጠበቀ። እሷ ጫማዋን ታያለች፤ እሱ ጉልበቱን ያያል። አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሊጀምር ነው ብላ ቀና አለች፤ እሱም እሷ ቀና ስትል ልትጀምር ነው ብሎ ዝም አለ። ከመስታወቱ ማዶ አስተማሪዋ ወንበር ስታንቋቋ ይሰማል። ሰዓቱ አለቀ። አንድ ቃል አልወጣም። ትንሿ እማዬ ዛሬ መባረሬ ነው ብላ ስትነሳ፣ ሽማግሌው እጇን ለስለስ አድርጎ ጨበጠና፣ ቀለል ብሎኛል ብሏት ወጣ።

“በሚቀጥለው ሳምንት ሚስቱን ይዞ መጣ” አለች ትንሿ እማዬ ፀጉሩን እያበጠረች። “ምን አለኝ መሰላችሁ? ‘እኔን እንዳነጋገርሽኝ እባክሽ እሷንም አነጋግሪልኝ። እሷ ግን ወሬ ታበዛለች።’”

አያቴ በሳቅ ብዛት ምድጃው ላይ ልትደፋ ምንም አልቀራት። ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ በመጀመሪያ ትን ያላት መስሎኝ ነበር። ሻንዲን ነበረች። ሳቁ ጉሮሮዋ ውስጥ ተይዞ እንደቆየ ነገር እየተጎተተ ወጣ፣ ትከሻዋ ተናወጠ፣ ማበጠሪያው ከጭኗ ወደቀ። ልጁ ቀና ብሎ የእናቱን ፊት አየ። እንዲህ ያለ ነገር እዚያ ፊት ላይ አይቶ አያውቅም ነበርና ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ አፉን ከፍቶ፣ ድድ ብቻ በሆነ አፉ፣ ሳቀ። ጮክ ብሎ።

“እኔ ነኝ” አልኩ ወዲያው።

አያቴ ልጁ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ እንደነበር አስታወሰችኝ። በጀርባውም ቢሆን ትርኢቴ ሳይሰማው አልቀረም ብዬ ተሟገትኩ። ማንም አልሰማኝም፤ ጥያቄው ተነስቶ ነበራ። ሳቁ የማን ነው? የድግሱ ባለቤትስ? አያቴ ቆም ብላ አሰበችበት። ወሬውን ያወራችው ቨርሊንዳ ናት፣ ከእሷ ወሬ ነው የተነሳው፣ ሳቁ የእሷ ቢባል ማንም አይከራከርም አለች። እኔም ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። ትንሿ እማዬ ከደገሰች መንደሩ በሙሉ ይመጣል፣ አባባ አታካይም ይመጣል፣ ጨውም ከእሷ እጅ ይቀበላል። የሚወስድ እንጂ የማይሰጥ ብሎ አዳራሽ ውስጥ ያዋረዳት ሰው የሰጠችውን ይልሳል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጎ እጁን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል? መብቴን ለእሷ እንደለቀቅሁ በይፋ ተናገርኩ።

ትንሿ እማዬ ወደ ሻንዲን አየች። ሻንዲን በእጅጌዋ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ እንደገና እንዲስቅላት አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ።

“ልጁ የእኔን ወሬ ምን ያውቃል” አለች ትንሿ እማዬ። “እሱ የሰማው እናቱን ነው። ሳቁ የእሷ ነው።”

ነፋሱ ጋብ እንዳለ ተከትያት ወጣሁ። እንደ እብድ ነበር ያየኋት። ወንበርሽስ አልኳት፤ ይሄ ሁሉ ትምህርትስ፤ አንድ ‘እሺ’ ብትይ ምን ነበረበት? የፒካፑን መስታወት በእጅጌዋ እየወለወለች ነበር።

“ናኒ፣ እኔ ሌላ ሥራ አላጣም” አለችኝ። “ሻንዲን ግን ይህን ሳቅ ከነጠቅኋት ሌላ ከየት ታመጣለች?”

አልገባኝም። ስላልገባኝም ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናገርኩ። ውኃ ስንቀዳ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ለቤተ ክርስቲያኗ መነኩሲት ሳይቀር፤ ትንሿ እማዬ ጅል ናት፣ እጇ የገባውን ሳቅ ለእናቱ መለሰችው እያልኩ። ሰዎቹ ግን እንደ እኔ አልተናደዱም። “መለሰችው?” ይሉና እንደገና ያስነግሩኛል።

ሻንዲን ደገሰች። ከጎጆው ጥግ ተነስታ በረት ገባች፤ በጉን ራሷ መርጣ ራሷ አረደችው፣ እንደ ድሮው ቢላዋው በእጇ ሲሄድ ለማየት እንኳ ደስ ይላል። ቂጣውን በዘይት እየጠበሰች የዘገየሁበትን እንጨት እየጠራች ተሳደበችኝ። ስድቧ ናፍቆኝ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንግዶቹ ተሰለፉ። ሻንዲን ልጁን አቅፋ፣ በትንሿ እጁ ጨው አስይዛ ለእያንዳንዱ ሰው መዳፍ ላይ አኖረች። አባባ አታካይም መጣ። ጨዉን ላሰ፣ ልጁን ባረከ፣ ሥጋም ተጨመረለት፤ ለትንሿ እማዬ ግን ከሰላምታ በቀር ምንም አላላትም። ሰው መሄድ ሲጀምር ሴቶች አልሄዱም። ሻንዲንን ከበው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፣ ትንሿ እማዬም መካከላቸው አለች። ምን እንደሆነ ለመስማት ጠጋ ስል ሁሉም ስለ ቂጣው ማውራት ጀመሩ። ይህም ነገር እስካሁን ያበሳጨኛል።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ነገሩ ሲነሳ አባባ አታካይ እንደ ልማዱ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። የሚሰማው ወሬ እንዳለ፣ አንዲት ሴት እጇ የገባውን ነገር ለባለቤቱ መለሰች መባሉን ተናገረ። ሻንዲንን አልጠየቃትም፤ ወሬ መኖሩን ብቻ ተናግሮ፣ ወለሉን እያየ ቆሞ ጠበቀ። ማንም አልቸኮለም። ወንበር ጮኸ፣ አንድ ሕፃን አስነጠሰ። ሻንዲን ከኋላ ወንበር ተነሳች።

“ምንም አልጠየቀችኝም” አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። “አንዲት ሴት ነበረች እንበል። ልጇን ስታየው የሌላ ሰው ልጅ ይመስላት ነበር፣ ተረስቶ እሷ ቤት የቀረ። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ትንሿ እማዬ መጥታ አጠገቧ ፀጉር አበጠረች። ሴትዮዋ አሁን ልጇን ታውቀዋለች።” ከዚያም “ሌሎችም ሴቶች አሉ” ብላ ተቀመጠች።

ሴትዮዋ ማን እንደሆነች የጠፋው ሰው አልነበረም። አባባ አታካይ ኮፍያውን በጣቶቹ ሲያዞረው ቆየ። ከዚያ፣ በአንድ ሁኔታ ብቻ እስማማለሁ፤ ያገኘችውን ለዩኒቨርሲቲው ከመናገሯ በፊት መጀመሪያ እዚህ አዳራሽ መጥታ ለእኛ ትንገረን፣ ያልፈለግነውም እዚሁ ይቅር አለ። ትንሿ እማዬ ተስማማች። እጁን ቀስ ብሎ አወጣ፣ ከዚያ እጆች ከየጭኑ መነሳት ጀመሩ። እስኪቆጠር አልጠበቅሁም፤ አዳራሹ ደን መስሎ ነበር። ትንሿ እማዬ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም፤ ጫማዋን ነው ያየችው፣ ልክ ከዚያ ሽማግሌ ጋር እንደተቀመጠችው።

ስንወጣ ፒካፑ ኋላ ላይ ተጫንን፤ እኔ፣ ሻንዲንና ልጁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ነገሩን ደግሞ በመንገድ ላይ ሳስበው የማን ሥራ እንደሆነ ግልጽ ሆነልኝ። ወሬውን አባባ አታካይ ጆሮ ያደረስኩት እኔ አይደለሁም? ልጁንስ ለሳቅ ሲያለማምደው የከረመ ማን ነው? ለሻንዲን ዘርዝሬ አስረዳኋት። ዩኒቨርሲቲው እውነተኛ ሰው ከፈለገ ትንሿ እማዬ እኔን ረዳት አድርጋ ብትወስደኝ እንደሚሻል፣ ሰው ውስጡ ሲከብደው እኔ ገና ከሩቅ እንደማውቀው ነገርኳት።

ሻንዲን የልጁን ብርድ ልብስ አስተካከለችና አየችኝ።

“አንቺ? ክረምቱን ሙሉ አጠገብሽ ተኝቼ ሳለቅስ፣ ‘ንፍጥሽን አትሳቢ፣ እንቅልፍ ነሳሽኝ’ ትዪኝ የነበርሽው አንቺ?”